የዳለቻ ሚኒሞ

ደባርቅ ላይ ብርድ ከጥርስ ይጀምራል። ኪዳን አድርሼ ስመለስ ነጠላዬን አፌ ላይ ደርቤ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ጠጠር ሳላነሣ፣ የጀመርኩትን ዳዊት በልቤ እየጨረስኩ ነው የምሄደው፤ ሰው ሰላም ቢለኝ እንኳ እጄን ከደረቴ ሳላወጣ አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ። ዘንድሮ ኅዳር ጽዮን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ከጎረቤታችን ከሲስተር ትዕግሥት አጥር ሥር ስደርስ እግሬ ቀጥ አለ። ሲስተር ትዕግሥት ነርስ ናት፤ ከአጎቷ የገዛቻት አንዲት አሮጌ መኪና አለቻት። ሞተሩ ይነሣል፤ ደረቱን እንደታመመ ሰው ይስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ደግማ ታስነሣዋለች፤ ደግሞ ይጠፋል። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ብርዱን ተሸክሞ ወጣና አፍንጫዬ ገባ። "ሚኒሞው አይይዝም" አልኩ፤ ለራሴ ነው ያልኩት፤ ነገር ግን ድምፅ ነበረው።

"ምን አሉኝ እማማ?" አለች በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ።

"ምንም ልጄ። እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ነው የምትጠፋብሽ?"

"እንዴት አወቁ! ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ሲሞቅ ይተዋታል።"

ይህንኑ ቃል፣ አንድም ፊደል ሳይጨመርበት ሳይቀነስ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ያ ሰው ከሞተ ዓርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ሲስተር ትዕግሥትን "ሳይሞቅ ነው ለሠሪ የሚታየው፤ ጋራዥ ይደር" ብያት ወደ ቤቴ ገባሁ። የልጄ የጽዮን ቤት ነው የምኖርበት፤ ባሏ የዚህ አገር ሰው ነው፤ እሷም እዚሁ ታስተምራለች። አባቷ ከሞተ በኋላ ብቻሽን አትሆኚም ብላ አመጣችኝ። ያን ጠዋት በሩ ላይ ተቀብላኝ "ምነው እማዬ ፊትሽ ጠቆረ?" ስትለኝ ብርዱ ነው አልኳት።

ሚኒሞ ማለት መኪና ቆማ፣ እግር ከነዳጁ ተነሥቶ፣ ሞተሩ በራሱ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው ይላሉ፤ እኛ ናዝሬት ላይ ግን የራሳችን አድርገነው ለሰውም እንጠቀምበት ነበር። ፍቅር የያዘው ጎረምሳ "ሚኒሞው ከፍ ብሏል" ይባላል፤ የታመመ ሰው እንዴት ነህ ሲሉት "ሚኒሞዬ ወርዷል" ይላል። አሁን አዳማ ናት፤ ያኔ ግን ከአፋችን የሚወጣው ናዝሬት ነበር። በስሙኒ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው ድረስ በጋሪ ይኬዳል፤ ፈረሱ አንገት ላይ ያለው ቃጭል ከሩቅ ይሰማል፤ ነፋሱ ሲነሣ ባለጋሪው ፎጣውን አፉ ላይ አስሮ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳል፤ መንገዱን ፈረሱ ያውቀዋል። ስኳር በቀበሌ ደብተር ነበር፤ ቤንዚን በኩፖን። ወንዶቹ ተርጋል ሱሪ አስጠብቀው ለብሰው፣ ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ከፍተው፣ ከፖስታ ቤቱ ጥግ ዛፍ ሥር ይቆሙ ነበር፤ እኛ ደግሞ ፕሊሴ ቀሚስ በነጭ ሹራብ ለብሰን በፊታቸው እንዳላየን እናልፋለን። ከቡና ቤቶቹ በር የተቀመጠው የድምፅ ማጉያ ያንኑ የትዝታ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል፤ ወንጂ አገዳ ሲቃጠል ጥቁር አመዱ በነፋስ መጥቶ የታጠበ ልብስ ላይ ይወርዳል። እናቶች እየተራገሙ ያራግፉታል። እኔ ግን ያን አመድ ዛሬ እጄ ላይ ቢያሳርፉልኝ ደስ ይለኛል።

ባለቤቴ አስፋው መካኒክ ነበር። ጋራዥ የምንለው የራሳችን ግቢ ነው፤ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ጫፍ ላይ፣ አንድ ትልቅ ግራር ነበረው፤ በግራሩ ሥር ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ ከዚያ ውጪ ያለው የዘይት መሬት ነው። የአስፋው ሰማያዊ ቱታ ታጥቦ አይጠራም፤ እኔም ማጠቡን አላቆምም። ከሰው ጋር ሲያወራ ቃሉ አጭር ነው፤ ከመኪና ጋር ሲሆን ግን ይናገራል፤ "ምን ሆነሻል? የት ጋ ነው?" ይላታል። ደንበኞቹ ይስቁበታል። እሱ አይሰማቸውም፤ የመዶሻ ጩኸት ጆሮውን ጎድቶታል።

ኢብሬ ከደንበኞቹ ሁሉ የቀረበ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ወርዶ ናዝሬት የቀረ፤ ሰባት ሰው የምትጭን ረጅም ግራጫ መኪና ነበረችው፤ ናዝሬት አሰላ ይሠራል። ሚስቱ ዘይነባ የሁሩታ ልጅ ናት፤ መኪናዋን በበሬ ስም ዳለቻ ያለቻት እሷ ናት፤ በኦሮምኛ ግራጫ ማለት ነው። ዘይነባ በገበያው ሻሽና የልጅ ልብስ ትሸጥ ነበር፤ ቤታችን ሦስት አጥር ያህል ብቻ ነው የሚራራቀው። ጠዋት በራችንን ስታንኳኳ "አካም ቡልቴ በለጡ!" እያለች ነው፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። እኔ ሁለት ጽንስ ወርዶብኛል። በሁለተኛው ጊዜ አስፋው መኪና ሊያነሣ አሰበ ተፈሪ ሄዶ ነበር፤ አንሶላዬን ያጠበችው፣ አጥሚት ሠርታ በማንኪያ ያጎረሰችኝ ዘይነባ ናት። ይህን እዚህ የማነሣው ያደረግኩት ነገር በማን ላይ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ሦስተኛውን ስፀንስ ለጽዮን ማርያም ተሳልኩ። "ይህን ካቆየሽልኝ በዕለትሽ በግቢዬ ብረት አይነሣም" አልኩ። ለመካኒክ ሚስት ከዚህ የከበደ ስለት የለም፤ ስለት ደግሞ መክበድ አለበት ብዬ አምን ነበር። ለአስፋው ነገርኩት። "ደግ ነው" አለ፤ "በአንድ ቀን የሚቀርብን ምንድን ነው?"

በዚያ ዓመት ጥቅምት ሲያልቅ ኢብሬ ጧት ከዳለቻ ላይ ወርዶ በሯን በኃይል ዘግቶባት መጣ።

"አስፌ፣ ይህች ሴትዮ አርሲ ላይ አዋረደችኝ! ሰው ሞልቶ ተቀምጧል፤ እሷ እንደ አሮጊት ትስላለች። እግሬን አነሣሁ፤ ጥፍት! አንዱ ገበሬ ምን አለኝ መሰለህ? 'ሾፌር፣ በሬ ላውስህ?'"

"አንተስ ምን አልከው?"

"ቀንበሩንም አትርሳ አልኩት!"

"ሲሞቅስ?" አለ አስፋው።

"ሲሞቅ ይተዋታል። ደራ ስትደርስ ሙሽራ ናት።"

አስፋው ኮፈኑን ከፈተ። መጀመሪያ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈትቶ በፀሐይ አያቸው። እሱ ካንዴላ የሚያየው ሐኪም ምላስ እንደሚያይ ነው፤ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ናት፣ ከነጣ ደግሞ የቤንዚኑ ድርሻ አንሶ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። የዳለቻ ነጣ ብሎ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ጫፋቸውን አስተካክሎ መለሳቸው። በሦስተኛው ቀን ኢብሬ ተመለሰ፤ ያው ነው። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አወረደና በቤንዚን አጥቦ በአፉ ነፋው። ያው ነው። በሦስተኛው ጊዜ አስፋው ራሱን ታዘበ። በናዝሬት መካኒኮች ዘንድ አንድ ልማድ ነበር፤ የሞተሩ ውኃ እስኪሞቅ ድረስ መንገዱን ዘግቶ የሚያቆየውን ትንሿን የብረት መክደኛ ነቅሎ መጣል። አገሩ ቆላ ነው፣ መኪና የሚያስቸግረን በመፍላት እንጂ በመቀዝቀዝ አይደለም፣ ምን ያደርግልናል እያሉ ሁሉም ይነቅሏታል። የዳለቻንም ከዓመታት በፊት የነቀላት አስፋው ራሱ ነው። ነገር ግን ዳለቻ የምታድረው አብዛኛውን ጊዜ ቆላ አይደለም፤ አሰላ ወይም ሁሩታ ነው። "ለናዝሬት ሠርቼ አርሲ ነው የላክኋት" አለ፤ አሮጌ ዕቃ ከሚያጠራቅምባት የብስኩት ጣሳ አንዷን ፈልጎ፣ በሙቅ ውኃ ሞክሮ፣ ገጠመላት። ተሻላት። ግን አልዳነችም።

"አሁን ስማኝ" አለው ለኢብሬ፤ "ሁልጊዜ ሞቃ ነው የምታመጣልኝ። ሞቃ ስትመጣ ሕመሟን ትደብቀኛለች። አንድ ሌሊት እዚህ ትደር፤ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ እኔ ልይ።"

ኢብሬ አንድ ቀን የሚያሳርፋት ጊዜ አጥቶ ሲያመላልስ ሰነበተ። በመጨረሻ ያሳደራት የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነበር። ዕለቱን ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ወንዶች አላሰቡትም።

ያን ጠዋት ናዝሬት ላይ ሳይቀር ብርድ ነበር፤ ከአዋሽ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ግራሩን ያፏጨዋል። እኔ ለቅዳሴ ለብሼ ስወጣ አስፋውና ኢብሬ ኮፈኑን ከፍተው ቆመዋል። ሆዴ ገፍቶ ነበር፤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

"አስፋው፣ ዛሬ ማን እንደሆነች ረሳህ?" አልኩት።

"ብረት አልነካሁም። እያየሁ ነው። ማየት ሥራ ነው እንዴ?"

ማየት ሥራ አይደለም አልኩ። ኢብሬ ሞተሩን አስነሣ። ዳለቻ ትንቀጠቀጥ ጀመር። አስፋው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ እየነቀለ መለሰ፤ ይህን ሲያደርግም ወደ እኔ አየት አደረገ፤ በእጅ ነው ብዬ አለፍኩት። አንደኛውን ሲነቅል ሞተሩ ይብሱን ይወድቃል፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። "አራቱም እኩል ይሠራሉ" አለ። "ከአራቱ አንዱ ቢታመም ኖሮ እሱን ስነቅለው ለውጥ አይኖርም ነበር። ሕመሙ የአንዱ አይደለም፤ የጋራ ነው። የማይገባ አየር የምትስብበት ቦታ አለ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ "በለጡ፣ ጆሮሽን አውሺኝ።"

ጆሮዬ ጥሩ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሲሳሳት ከማን አፍ እንደተሳሳተ እለይ ነበር። ነጠላዬን ሰብስቤ አጎነበስኩ። ከሞተሩ ጩኸት ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ አለ፤ በጥርስ መካከል አየር እንደሚስብ ሰው፣ ስስስ ይላል። በጣቴ ተከተልኩት። ከሞተሩ ተነሥታ ፍሬኑን ወደሚያግዘው ክብ ጣሳ በምትሄደው የጎማ ቱቦ ላይ፣ መታጠፊያዋ ጋ ጣቴ ቆመ። አስፋው ቱቦዋን ጎበጥ ሲያደርጋት እንደደረቀ ከንፈር ተሰንጥቃለች። በጣቱ ሲደፍናት ዳለቻ ወዲያው ተረጋጋች። ሲለቃት እንደገና ሳለች።

"አየህ?" አለ አስፋው፤ ደስ ሲለው ድምፁ ይቀጥናል። "ስትቀዘቅዝ ጎማዋ ይኮማተራል፤ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ስትሞቅ ይለሰልስና ይገጥማል። ለዚህ ነው የሚተዋት! ግን ኢብሬ፣ ይህች ቱቦ የፍሬን ናት። ሚኒሞውን ተወው፤ ይህች ብትበጠስ ፍሬንህ ድንጋይ ይሆንብሃል። የተሰነጠቀውን ቆርጬ ልመልሳት፤ አንድ ሰዓት ነው።"

መፍቻውን ለማንሣት ሲዞር ፊቱ ቆምኩ።

"አይሆንም" አልኩ።

"በለጡ..."

"ተስያለሁ። ሁለቱ የት እንደሄዱ ታውቃለህ።"

"እሺ አልቁረጥ። በላዩ የጎማ ቁራጭ ልጠምጥምበትና በሽቦ ልሰረው። አምስት ደቂቃ።"

"ሽቦም ብረት ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራው። ዛሬ አትነካም።"

አስፋው ሆዴን አየ። ከዚያ መሬቱን አየ። ኢብሬ በመሐላችን ገብቶ መሳቅ ጀመረ፤ እሱ ነገር ሲከር አይወድም። "ኧረ በአላህ አትጣሉ! ሰው አሰላ ይጠብቀኛል፤ ገበያ ነው። እኔ ላይ ጽዮን የለችብኝም። ካቻቢቴውን ስጠኝና ሚኒሞዋን ከፍ ላድርጋት፤ አርሲ ላይ አትጥፋብኝ እንጂ ሌላው ለነገ ይደርሳል። እት በለጡ፣ ካቻቢቴ መፍቻ ነው?"

እኔም ሳቅሁ። ይህን ነው የማልረሳው። "አንተ ስትይዘውማ አይደለም" አልኩት።

አስፋው በጣቱ ብሎኗን አሳየው፤ ኢብሬ በካቻቢቴው ግማሽ ዙር አዞራት። የዳለቻ ትንፋሽ ከፍ አለ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ማንም ቢያያት ድናለች ይላል። "ቁልቁለቱን በማርሽ ውረድ" አለው አስፋው ሁለት ጊዜ። "ደርሰህ ስትቆምም ያቺን ጎማ በምንም ነገር እሰርባት። ነገ ጠዋት ወደ እኔ።" ኢብሬ መሪው ላይ ተቀምጦ "አብሽር" አለ። እኔ ቅዳሴ ሄድኩ። ቅዳሴው ረጅም ነበር፤ ቆሜ ጨረስኩት፤ ሆዴ ውስጥ ልጄ ስትገላበጥ ሰማሁ፤ ተመስገን አልኩ።

ኢብሬ ከሁሩታ ወደ ደራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው የሞተው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሲመለስ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እግሩ ተሰብሮ የተረፈ ገበሬ ነው የነገረን። አሰላ ላይ ሰው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆመዋል፤ ሞተሩም ቀዝቅዞ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር "ፍሬኑ አልረገጥ አለኝ" ሲል ሰምተውታል፤ ማርሹን ለመቀነስ ሲታገል፣ "ያዙ! ያዙ!" እያለ ዳለቻን ከገደሉ ወደ ተራራው በኩል ወስዶ በራሱ ጎን አጋጫት። ስድስቱ ተሳፋሪዎች ተረፉ። እሱ መሪው ላይ ቀረ።

አስፋው ሄዶ አያት። ቱቦዋ ከመታጠፊያዋ ላይ ለሁለት ተበጥሳለች። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ ቀርቦለት ሳይቆርስ፣ እንዲህ አለኝ፤ "ሚኒሞውን ባናነሣው ኖሮ አሰላ ላይ ትጠፋበት ነበር። ብትጠፋበት አይወርድም ነበር። እየነገረችን ነበር፤ አፏን ነው የዘጋናት።" ዘጋናት አለ። ዘጋሻት አላለም። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ይህን ነገር አላነሣብኝም።

ትራፊክ ፖሊሱ ለምርመራ ሲጠራው ሸኝቼው ከበሩ ውጪ ቆሜ ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። "ሚኒሞውን ከፍ ያደረገው ማነው?" አለው። "እኔ ነኝ።" "ቱቦዋ መሰንጠቋን አይተሃል?" "አይቻለሁ።" "ታዲያ ለምን ሳትሠራ ለቀቅኻት?" ሮጬ ገብቼ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር፤ እግሬ ከበሩ ሦስት እርምጃ ላይ ነበር። "ስለቸኮልን ነው" አለ አስፋው። ይኸው ነው። እኔም ሆዴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

በናዝሬት ወሬው በአንድ ሳምንት ተዳረሰ። አስፋው የሰው ፍሬን እያየ ለቀቀ ተባለ፤ ሾፌሮቹ ግቢያችንን በሩቁ ያልፉ ጀመር። ለቅሶ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዘይነባ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳውን ታያለች፤ እኔን አየችኝ፣ ሆዴን አየችው፣ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አስፋው "ሰላም ዋልሽ ዘይነባ" ሲላት ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ታልፋለች። ስንት ዓመት! እሱ ሰላምታውን አላቋረጠም፤ እሷም መሸፈኗን። ልጄ በሰላም ተወለደች፤ ጽዮን አልናት። አስፋው ሥራ ሲጠፋ ሻሸመኔ ወርዶ በሰው ጋራዥ ተቀጠረ፤ በወር አንዴ ይመጣል። በየዓመቱ ኅዳር ጽዮን ሲሆን ማንም ሳይከለክለው ከሥራ ቀርቶ መጥቶ፣ ግራሩ ሥር፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይውላል። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ስግደቱንም ጾሙንም ፈጽሜያለሁ፤ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለውኛል። እግዚአብሔር ፈታኝ ብዬ አምናለሁ። ዘይነባን ግን አልጠየቅኋትም። የአስፋው ስም እሷ ዘንድ እንደረከሰ፣ ያረከስኩት እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ ቀበርነው።

ሲስተር ትዕግሥት በሦስተኛው ቀን፣ የጽዮን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሙዝ ይዛ መጣች። ጎንደር ወስዳ አሳድራት ኖሮ፣ ሠሪው ጠዋት ቀዝቅዛ ሲያያት የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ አግኝቶ ለወጠላት። "የፍሬኗ ናት?" አልኳት። "አይ፣ ሌላ ናት አለኝ፤ ምንም አይደለም። ከዚህ በፊት ያየልኝ ሠሪማ ሚኒሞውን ከፍ አርጌልሻለሁ ብሎ ነበር የላከኝ። እማማ፣ ማን አስተማረዎት?"

"ባለቤቴ" አልኳት። "ጥሩ ሠሪ ነበር።"

ይህን ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ስትሄድ ልጄ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም ነበር። አንዲት የእድር ጓደኛዬ ከአዳማ የላከችልኝ የዘይነባ ስልክ ቁጥር በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደወልኩ። ልጇ አንሥቶ ለእሷ ሰጣት።

"አካም ቡልቴ" አልኳት፤ ሌላ ቃል አጣሁ።

"በለጡ ነሽ" አለች። ድምፅዋ አርጅቷል፤ ግን አልጠየቀችም፤ አወቀች።

ነገርኳት። ስለቱን፣ መፍቻውን፣ አምስት ደቂቃ ሲለኝ እምቢ ማለቴን፣ ካቻቢቴውን የያዘው ኢብሬ ራሱ እንደነበር፣ አስፋው ለፖሊስ የተናገረው ውሸት መሆኑን። በመሐል አላቋረጠችኝም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ኢብሬ ያን ጠዋት ጃኬቱን ሊወስድ በቤት አልፏል። እየሳቀ ነበር። 'ዛሬ የጽዮን ማርያምን ሥራ እኔ ሠራሁላት፤ አስፋውን ሚስቱ ከለከለችው' አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ አስፋውን ለምን..."

"እሱ እኔ አጠፋሁ እያለ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ማየት ስላልቻልኩ ነው የምሸፈነው። ውሸት የማይችል ሰው ነበር። እሱን በቀብሩ ቀን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆሜ ነበር፤ አላየሽኝም። እኔ የጠበቅሁት አንቺን ነው። ትመጣለች አልኩ። ወልዳ ትምጣ አልኩ። ልጅቷ ትደግላት አልኩ። በለጡ፣ ሦስት አጥር ነው እኮ የነበረው።"

ቀጥላ "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት። ሁለት ወልዳለች።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ የጎዳኝም እሱ ነው።

"ዘይነባ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ዛሬ አልችልም" አለች። "ዛሬ የሰማሁት ይበቃኛል። ነገ ደውይ። እውነቴን ነው፤ ነገ ጠዋት ደውይልኝ፤ እጠብቅሻለሁ።"

ሌሊቱን ለምስጋና ቆምኩ። ጠዋት ከኪዳን ተመልሼ ነጠላዬን ሳልፈታ ስልኩን አነሣሁ። ድምፅ የለውም። ጽዮን "ኔትወርክ ጠፍቷል እማዬ፤ ከተማው ሁሉ ነው" አለችኝ። እዚህ አገር እንዲህ ይሆናል፤ አንዳንዴ ለቀን፣ አንዳንዴ ለወር፤ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር የለም። እስከ አዳማ ያለው መንገድም አሁን ሰው የሚደፍረው አይደለም። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ በየጠዋቱ እሞክራለሁ። መስመር ሲገኝ አንድም ነገር እንዳልዘነጋ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። አዳማ ላይ ደባርቅ ስልክ እንደሌለ ለዘይነባ የነገራት ይኑር አይኑር አላውቅም። ካልነገሯት ስልኳን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እሷ የምታውቀው በለጡ ነገ ደውይ ተብላ አለመደወሏን ነው።